የግራዝማች ማኛ ጤፍ

አንበጣው የቡልቡላን ማሳ ባራቆተ ዓመት የአዳማ ሰው ለተራበ መስጠት ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ደስ ይላል።

ከለገሃሩ ጀርባ አንድ ባዶ የቆርቆሮ ቤት ነበረ። ነጋዴው አቶ ሙሉብርሃን "የተራበ ሰው እህል ይቀመጥበት" ብለው ለቀቁት። ጣራው እያፈሰሰ ቆዳ ስላበላሸባቸው መሆኑን የሚያውቅ ሁሉ ዝም አለ። ጠባቂ ሆና የተመረጠችው ወይዘሮ ዘርፉ ናት። ለምን እሷ? ቤቷ አጠገቡ ስለሆነና እምቢ ልትል አፏን ስትከፍት የተሰበሰበው ሰው ቀድሞ "አሜን" ስላለ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉም ያለውን ይዞ ወጣ። አንዱ በቆሎ፣ አንዱ ማሽላ፣ አንዷ በእንቅብ ባቄላ። ነገሩ ደህና ሄዶ ነበር፤ ግራዝማች ወልደአማኑኤል እስኪደርሱ ድረስ። ግራዝማች በበቅሎ ሆነው፣ ከፊት አሽከር አስቀድመው፣ ከኋላ የተጫኑ አህዮች አስከትለው መጡ። የአንዱን ጆንያ አፍ አስፈቱና አንድ እፍኝ ዘግነው ለሕዝቡ አሳዩ። ማኛ ጤፍ። እንደ ወተት የነጣ።

"እኔ ራሴ የማልበላውን ለእግዜር እንግዳ አልሰጥም!" አሉ።

ጥሩ ንግግር ነበር። ክፋቱ ሁሉም ሰማው። በቆሎ የተሸከመው ሰውዬ መንገድ የተሳሳተ መስሎ ዞረ። ባቄላ የያዘችው ሴት እንቅቧን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ገበያው ታጠፈች። አቶ ሙሉብርሃን ደግሞ በማግስቱ ከግራዝማች አንድ ጆንያ የበለጠ ማኛ ላኩ። ከዚያ ወዲያ በቆሎ ይዞ ወደዚያ ቤት የሚሄድ ደፋር ጠፋ። ማኛ የሌለው ተበድሮ ማኛ ሰጠ። ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ እስከ ጣራው ነጭ ጤፍ ሆነ፤ ደጁ ደግሞ ከቡልቡላ በእግሩ በመጣ ሰው ሞላ።

ዘርፉ አንዴ ጆንያውን፣ አንዴ ሰዉን አየች።

ጤፍ ተቀቅሎ ንፍሮ አይሆን፣ ተቆልቶ ቆሎ አይሆን። ቂጣም ቢሆን ዱቄት ይፈልጋል። የሞተር ወፍጮ ወሬው እንጂ ራሱ አዳማ አልደረሰም፤ የድንጋይ ወፍጮ ተሸክሞ የሚሰደድ ደግሞ የለም። ይህን የማታውቅ ሴት በከተማው አልነበረችም። የሰጡት ግን ወንዶቹ ናቸው።

ዘርፉ በራሷ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ፈጨች። ከቡልቡላ የመጣችው ቀመሪያ ልታግዛት ተንበርክካ ጥቂት ከገፋች በኋላ መጁ ከእጇ አመለጠ።

"ተይው፣ ልጄ። ትወድቂብኛለሽ።"

"ኣዴ ዘርፉ፣ ለእኔ አይደለም" አለች ቀመሪያ። "ለአማቴ፣ ለባሌ አባት ነው። ትናንት ተቀምጠው ነበር፤ ዛሬ ተኝተዋል።"

ሽማግሌው ገርባ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ጋቢያቸውን ተከናንበው ተጋድመዋል። ጭንቅላታቸውን ያስደገፉት ጤፍ የሞላ ጆንያ ላይ ነው። ዘርፉ ይህን ስታይ የምትሰድበውን ሰው አጣች። ያን ቀን የፈጨችው ቂጣ ሆኖ ለየሰዉ አንዳንድ ቁራሽ ደረሰ። ገርባ የደረሳቸውን ማኘክ አቅቷቸው በውሃ አርሰው ዋጡት።

ያን ሰሞን አብዱናሲር የሚባል እህል ነጋዴ ከአርሲ ነገሌ በቆሎ ጭኖ ገበያው ላይ ሰፍሮ ነበር። ዘርፉ በማግስቱ ወደ እሱ ሄደች።

"ሁለት በቆሎ በአንድ ጤፍ እሰጥሻለሁ" አላት። "ነገ ወደ ሞጆ እነሣለሁና ቶሎ በይ። ግን ባለቤቱ ይፍቀድ። የግራዝማችን ጤፍ ገዛህ ተብዬ ዳኛ ፊት መቆም አልፈልግም።"

ዘርፉ ወደ ግራዝማች ቤት ወጣች። ግራዝማች ደጃፋቸው ላይ በርጩማ አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

"ጌታዬ፣ ያ ጤፍ በበቆሎ ይለወጥ። ዛሬውኑ ቀቅዬ ላብላቸው።"

"የኔ ጤፍ? በበቆሎ?"

"እጥፍ ይሆናል።"

"እጥፍ ውርደት ነው የሚሆነው! ነገ ሙሉብርሃን 'ግራዝማች በቆሎ አበላ' ብሎ ሲያወራብኝ ልስማ?"

"ማን ይፈጨዋል ታዲያ?"

"ሴቶች ይፈጩታላ።"

"የትኞቹ ሴቶች?"

ግራዝማች ይህን አላሰቡበትም። እጃቸውን ወደ ከተማው በኩል ወዘወዙ፤ ሴቶች በዚያ በኩል አሉ ለማለት ነው። "ለማንኛውም ረዳት እልክልሻለሁ" ብለው አሰናበቷት።

ቃላቸውን ጠበቁ። በማግስቱ ገና በማለዳው ረዳቶች መጡ። አንዱ ሰልፍ ሊያስይዝ፣ አንዱ እህሉ እንዳይሰረቅ ሊጠብቅ፣ አንዱ ጠባቂውን ሊጠብቅ። አቶ ሙሉብርሃንም እንዳያንሱ እነዚህኑ የሚያህሉ ላኩ። ሁሉም ዱላ ይዘዋል። ሁሉም ጥላ ፈልገው ቆሙ። ጥላው ላይ የነበረው የተራበ ሰው ወደ ፀሐዩ ተገፋ።

"ከናንተ ውስጥ የሚፈጭ አለ?" አለች ዘርፉ።

ሳቁ። "ምነው እመይቴ፣ ወንድ ይፈጫል እንዴ?"

"ውሃ የሚቀዳስ?"

"እኛ ለሥነ ሥርዓት ነው የመጣነው።"

"እንጨት የሚፈልጥ?"

ይህንን ተመካከሩበት። ከምክክሩ በኋላ አንደኛው ጉሮሮውን ጠረገና "እመይቴ፣ የኛ ምሳ እዚሁ ነው ወይስ ቤታችን ደርሰን እንመለስ?" አላት።

ዘርፉ ጀርባዋን ሰጠችው። በዚህ መካከል ቀመሪያ እየጠራቻት ነበር። ገርባ ቢጠሯቸው ዓይናቸውን ይገልጣሉ እንጂ ቃል አይመልሱም።

ዘርፉ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። "ተነሡ!" አለች ዱላ የያዙትን። "ሥነ ሥርዓት አይደል የምትፈልጉት? ይኸውላችሁ። እናንተ ሁለት ሽማግሌውን በጋቢያቸው ተሸከሙ። እናንተ ጆንያ አንሡ። የቀራችሁት መቆም ያቃተውን ደግፉ።"

"ወዴት?"

"ጤፉ ወደ መጣበት።"

የግራዝማች ግቢ ሰፊ ነው፤ እሳቸውም ይህን ሲናገሩ ደስ ይላቸዋል። ያን ጠዋት ግን የቡልቡላ ሰው ሁሉ ከነጆንያው ገብቶ ሲቀመጥበት ጠበባቸው።

"ምንድን ነው ይሄ? ዘርፉ! አብደሻል?"

"ጌታዬ፣ ሴቶች ይፈጩታል ብለውኛል። ወፍጮም ሴትም በዛ ብለው የሚገኙት እዚህ ግቢ ነው።"

ባለቤታቸው ወይዘሮ መሰለች ከጓዳ ብቅ አሉ። ክብራቸውን የሚያውቁ ሴት ናቸው። "ምን ያስጮኻችኋል?" አሉ። "የቤቴ ወፍጮ ለአንድ ጆንያ ጤፍ ያንሳል? ልጆች፣ ተቀመጡና ፍጩ!"

ገረዶቹ ፈጩ። መሰለች ቆመው አዩ። ከዚያ ቁጭ ብለው አዩ። ፀሐይዋ ከፍ ስትል የወጣው ዱቄት አንድ ቁና አልሞላም፤ አንዷ ገረድ መዳፏ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልላለች። መሰለች ተነሥተው ግቢውን የሞላውን ሰው በዓይናቸው ዳሰሱ።

"ይህ ተቦክቶ እንጀራ የሚሆነው መቼ ነው?"

"እትዬ መሰለች፣ እርስዎ ያውቁታል" አለች ዘርፉ። "ቢፈጥን ከነገ ወዲያ።"

"እስከዚያስ እነዚህ?"

"ግቢው ሰፊ ነው ተብሏል።"

መሰለች ወደ ገርባ ሄዱ። ጎንበስ ብለው ትንፋሻቸውን አዳመጡ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጦ ነበር።

"ግራዝማች፣ ያ በቆሎ የጫነው ነጋዴ ሄዷል?"

"አንቺም? ሙሉብርሃን ምን ይለኛል!"

"ሙሉብርሃን ይምጣና ይፍጭ።"

"ስሜ…"

"ሰው ግቢዎ ውስጥ ሊሞት ነው፣ ግራዝማች። ስም ብለው ይህን ነው የሚያወጡት?"

ግራዝማች እጃቸውን ወደ ገበያው በኩል ወዘወዙ። አሽከር ሮጦ አብዱናሲርን አህያ ሲጭን ደረሰበት። ጤፍ ሄደ፣ በቆሎ መጣ። አብዱናሲር የራሱን ባቄላ ከላይ ጨመረ። በግቢው ያለ ድስት ሁሉ እሳት ላይ ወጣ። ዱላ የያዙት ረዳቶች እንጨት መፍለጥ የሚችሉ ሆነው ተገኙ፤ ቀድሞ አለመጠየቃቸውን ግን ቅር ብሏቸው ይናገሩ ነበር።

ንፍሮው እስኪበስል ዘርፉ ከዱቄቱ አጥሚት አድርጋ ቀመሪያ ለገርባ ጠብ ጠብ ታደርግላቸው ጀመር። መጀመሪያ በአፋቸው ጥግ ፈሰሰ። ከዚያ አንድ ጉንጭ ወረደ። ግቢው ሁሉ የሽማግሌውን ጉሮሮ እያየ ነበር፤ ግራዝማችም ሳይፈልጉ።

ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ገርባ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ለስላሳ የሆነውን ንፍሮ ለይተው በሳህን አቀረቡላቸው። አንድ ፍሬ አነሡ። በቀሯቸው ጥርሶች ብዙ አላመጡ። ዋጡ። ሌላ አነሡ። ከዚያ ፊታቸውን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደዱና በሁለት ቀን ውስጥ የመጀመሪያ የሆነውን ቃል ተናገሩ።

"ሶጊዳ።"

"ምን አሉ?" አሉ ግራዝማች።

ቀመሪያ መሬት መሬቱን አየች። "ጨው… ጨው አነሰው ነው የሚሉት። ይቅርታ ያድርጉላቸው፣ ጌታዬ፣ ሽማግሌ ናቸው።"

ዱላ ካላቸው ሰዎች አንዱ "ወይ ጉድ! ከመጋበዝ አልፎ…" ሲል ዘርፉ ዞራ አየችው፤ የቀረውን ዋጠ። እሷ ግን ስንት ቀን ጥርሷን ነክሳ የቆየችው ሴትዮ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ትስቅ ነበር።

ግራዝማች ከበርጩማቸው ተነሡ። ሰው ሁሉ ቁጣ ጠበቀ። እሳቸውም ተቆጡ።

"መሰለች! ከኔ ግቢ ጨው ያነሰው ምግብ ተበላ ሲባል ልስማ? አሞሌውን አውጪ እንጂ!"

መሰለች ገረድ አልጠሩም። ራሳቸው ገብተው የጨው ጉማጅ አመጡና በድንጋይ ፈረካከሱት። ገርባ ቀመሱ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሳህኑን ወደ ጭናቸው ሳቡ።