ፕላስተር የተጠቀለለበት ጆይስቲክ

«ለሷማ የማይሠራውን ነበር የሚሰጣት!» አለ የሟቹ የአጎት ልጅ፣ የሻይ ብርጭቆውን ከአፉ አውርዶ የሟቹን እህት በአገጩ እየጠቆመ። «ገመዱ የተበጠሰውን የጌም ጆይስቲክ ያስይዛታል። እሷ ቁልፉን ስትቀጠቅጥ ትውላለች፣ እሱ ለብቻው ይጫወታል። ከዚያ አሸነፍኩ ብላ ሰፈሩን ታምሰዋለች!»

የተቀመጠው ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲላቸው በየተራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ይህ ሰው ደላላ ነው፤ እንጀራው አፉ ስለሆነ ለቅሶ ላይም ሥራ አይፈታም።

እህትየውም ሳቀች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ወንድሟን ቀብረው ከተመለሱ ወዲህ ቤቱ ሰው ተለይቶት አያውቅም፤ ሟቹ ደግሞ ፀጉር አስተካካይ ስለነበር የሚመጣው ሰው ብዛቱ ለጉድ ነው። ጢማቸውን ያሳደጉ ወንዶች ገብተው፣ ልጅ ሳሉ በሱ ወንበር ላይ ጣውላ ተደርጎላቸው ተቀምጠው እንደነበር ያወራሉ። መቁረጫው ጆሯቸው ሥር ሲጮህ እንዳያለቅሱ የሩቅ አገር ካርቱን ከፍቶ፣ ድምፁን ዘግቶ፣ በራሱ አፍ ያናግርላቸው ነበር።

«ፀጉሩ እንደ ጃርት የቆመውን ልጅ ታስታውሳላችሁ?» አለ አንድ ነርስ። «ክፉውን ንጉሥ ሊበቀል የሚሄድ ነው ብሎን ነበር። ካደግሁ በኋላ ከነትርጉሙ ባየው፣ ለካ ጉዳዩ የወጥ ማብሰል ውድድር ነው!»

«እና የትኛው ይሻላል?» አለው ሌላው።

«የሱ ነዋ! የሱን ነው ለልጆቼ የማወራላቸው።»

እናትየው ከመኝታ ቤት ይሰማሉ። ትንሽ ጋደም ይበሉ ተብለው ነው የገቡት፤ እህል ግን አልቀመሱም። ልጃቸው ሲነሣ የሚሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ያ የጌም ዕቃ ዓይኑን በላው። ምን እንዳገኘበት እንኳ ሳላውቅ።»

እህትየው ባዶ ብርጭቆዎች ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። የደላላው ቀልድ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚወጋት እሾህ ነው።

ያኔ ከአጥር ወድቃ እግሯ በጀሶ ታስሮ ነበር። የሰፈሩ ልጆች ውጭ ሲንጫጩ እሷ ግድግዳ ቆጥራ ትውላለች፣ ስታለቅስም ትውላለች። ወንድሟ ከትምህርት ቤት ሮጦ ይመጣና ደብተሩን ወርውሮ፣ አባታቸው ያመጣላቸውን ጌም ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካል። ካሴቱን እፍ ይለዋል፣ ገልብጦ አሁንም እፍ ይለዋል። እፍ ካልተባለ አይሠራም ብሎ ያምናል፤ በዚያ ዘመን ያላመነ ልጅ የለም።

«ይሄን የጌሙን ባለ ጋሻ ሰውዬ ሁለታችንም አንድ ላይ ነው የምንነዳው» ይላታል። «አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርማል። አለቃ አንቺ ነሽ፣ እኔ ረዳት።»

የሷ ከሱ እንዳይምታታ ብላ ጀሶውን ያሰረችላት ነርስ የሰጠቻትን ፕላስተር ጆይስቲኳ ላይ ጠቀለለችበት። ወንድሟ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያልበዋል፣ ይጮሃል፣ «ዝለይ አለቃ! ዝለይ!» ይላል። ጌሙ የሚሰጣቸው ነፍስ እያለቀ፣ እንደገና እየጀመሩ ሰነበቱና አንድ ቀን የጌሙ መጨረሻ ላይ ያለው ዘንዶ ወደቀ። እሷ ጀሶዋን ረስታ በአንድ እግሯ እስከ በሩ ድረስ እየዘለለች ሄደች፤ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ዘንዶ ገደልኩ አለችው።

ብዙም ሳይቆይ የአጎቷ ልጅ ሊጠይቃት መጣና ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አንድ የተበጠሰ ገመድ ስቦ አወጣ። «ሞኝ! የማይሠራውን ነው እንደ ሕፃን ያስያዘሽ» አላት። ጆይስቲኳን ወረወረችው። ወንድሟ፣ «የማይሠራው የኔ ነው አለቃ፣ እማዬ ትሙት!» ብሎ ማለ። ለማባበል የሚምል መሰላት። ጀሶው ሲወልቅ መንገድ ላይ ወጣች፤ ጌሙን ዳግመኛ አልነካችውም።

ዛሬ ክሬን ነጂ ናት። መጀመሪያ ክሬኑ ላይ የወጣች ጊዜ ታች ያሉት ወንዶች አንገታቸውን አቅንተው፣ ጭነቱን ትጥለዋለች አትጥለውም እየተባባሉ ነበር። ዘንዶው ትዝ አላትና ማንሻውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ወዲያው ደግሞ የተበጠሰው ገመድ ትዝ አላት። ድሌ የምለው የሰው ድል ነው እያለች ነው የኖረችው። ወንድሟ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሳለ ጥያቄው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱ ቀድሞ፣ «አለቃ፣ ስንት ነፍስ ቀረን?» አላትና አሳቃት፤ ጥያቄዋን ለነገ አቆየችው። አሁን ማንን ትጠይቅ?

ወደ ሳሎን ስትመለስ የሰፈሩ የቴሌቪዥን ጠጋኝ ካርቶን ታቅፎ በር ላይ ቆሟል። የወንድሟ አብሮ አደግ ነው።

«ነፍስ ይማር» አለና ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ጌሙን እንዳድስለት ሰጥቶኝ ነበር። ስወጣ ከእህቴ ጋር እጫወትበታለሁ ብሎ።»

«ገመዱንስ ቀጠልከው?» አለ ደላላው።

«ኧረ አትንካው ተብዬ! ያኔም አላስነካኝም። አይጥ ነው የበላው፣ አንድ ጊዜ ብየዳ ነካ ቢያደርጉት ይቀጠላል። ልጅ ሆነን ላያይዝለት ስል እጄን ያዘኝ። ‹ሁለቱም ከሠሩ ከኔ ጋር ትወዳደራለች። እኔ ደግሞ መሸነፍ አልችልበትም፣ ሆን ብዬ ስሸነፍ ታውቅብኛለች። ተወው፣ አንድ ነገር በራሷ እጅ ታሸንፍ› አለኝ።»

«የትኛው ነው የተበጠሰው?» አለች እህትየው።

ጠጋኙ ካርቶኑን ከፈተ። ፕላስተሩ ቢጫ ሆኗል፤ አሁንም ግን ተጠቅልሏል። ጠዋት ጠዋት የክሬኑን ገመድ እንደምትፈትሸው ጣቷን ከጆይስቲኩ አስነስታ በገመዱ ላይ እየሳበች ሄደች። መሰኪያው ድረስ ደኅና ነው። ሌላውን፣ ፕላስተር የሌለውን የወንድሟን፣ አነሣች። ገመዱ የክንድ ያህል ሄዶ የተቀረጠፈ ሽቦ ላይ አለቀ።

ያን ሁሉ ከሰዓት፣ ጌም ከምግብ አስበልጦ የሚወደው ልጅ፣ ምንም የማይሠራ ቁልፍ ሲጫን ኖሯል። ላቡም ጩኸቱም ለሷ ነበር። እህትየው ጆይስቲኩን ደረቷ ላይ አስጠግታ ሰው ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ወንድሜ አመሰግንሃለሁ» አለች፤ «አመሰግንሃለሁ የኔ ረዳት።»

ደላላው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እኔ... የተበጠሰ ገመድ አየሁ እንጂ የማን እንደሆነ አላየሁም። ይቅር በይኝ።»

«ባትቀልድ ኖሮ እውነቱን ማን ያወጣልኝ ነበር?» አለችው ዓይኗን እየጠረገች። «ይልቅ ጌሙን ሰካክተህ ስጠኝ።»

አመሻሽ ላይ ሰዉ ሳሳ ሲል እናትየው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ ባለ ጋሻው ሰውዬ ቆሞ ይጠብቃል። ዕቃውን ሲያዩ ቀጥ አሉ፤ ሁሉም ይቆጣሉ ብሎ ነበር።

«ይኸው ነው?» አሉ። «ምን አግኝቶበት ነው እስቲ?»

እህትየው እንደ ወንድሟ ካሴቱን አውጥታ እፍ አለችው፣ ገልብጣም እፍ አለችው። መልሳ ከተተችው። እናቷን አጠገቧ አስቀምጣ ፕላስተር የተጠቀለለበትን ጆይስቲክ እጃቸው ላይ አኖረችው።

«ኧረ እኔ አላውቅበትም!»

«አብረን ነው የምንነዳው እማዬ። ስትሳሳቺ እኔ አርማለሁ። እዚህ ጋ ተጫኚ።»

እናትየው በአውራ ጣታቸው ፈራ ተባ እያሉ ተጫኑ። ትንሹ ሰውዬ ጋሻውን ይዞ ጉድጓዱን ዘለለ።

«እኔ ነኝ እንዴ ያዘለልኩት?»

«አንቺ ነሽ። አለቃ አንቺ ነሽ።»

እናትየው ሰውዬውን እንደገና አዘለሉት፤ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ ከሰሞኑ ያልታየ ነገር ታየ። እህትየው የወንድሟን ጆይስቲክ ይዛ የተቀረጠፈውን ሽቦ ቀሚሷ ሥር ሸሸገች፣ ወደ ፊት ጎንበስ አለች፣ የማይሠራውን ቁልፍ ባለ በሌለ ኃይሏ መጫን ጀመረች።