በወረቀቱ ላይ የተሳሳተው አንድ ቁጥር

ኪዮኤ ናካንዳካሪ በኦኪናዋ ደሴት አውሮፕላን ስታጸዳ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በእሷ ሥር ያሉት አራት ሴቶች ያለችውን ይሰማሉ፤ መጥረጊያ ከማንሳቷ በፊት የሚመጣውን አውሮፕላን ስፋትና ርዝመት ከነወንበሩ ብዛት ታውቀዋለችና።

ያን ቀን አውሎ ነፋሱ ማለዳ ላይ አልፎ፣ ሁለት ቀን ታግዶ የቆየው መንገደኛ ሁሉ በአንድ ከሰዓት ሊጓዝ ተነሥቷል። የፈረቃው አለቃ ኩራሞቺ ከኦሳካ ተዛውሮ ከመጣ ገና ሁለተኛ ወሩ ነው። ወረቀት ይዞ እየተጣደፈ ወደ ጽዳት ሠራተኞቹ ክፍል ገባ።

«እትዬ ኪዮኤ፣ አራተኛው በር ላይ ሰባት ሦስት ስምንት ይመጣል። በአርባ ደቂቃ ጸድቶ መመለስ አለበት። አምስታችሁ ትበቃላችሁ።»

ወረቀቱን ተቀብላ አየችው። የአውሮፕላኑ መለያ 738 ይላል። ከሥሩ የመንገደኞች ብዛት 296።

«ይሄ ሰባት ሦስት ስምንት አይደለም» አለች።

«እንዴት? ተጽፎ የለም እንዴ?»

«ተጽፏል። ግን ሰባት ሦስት ስምንት ባለ አንድ መተላለፊያ፣ ሆደ ጠባብ ነው። ሁለት መቶ ሰው እንኳ ቢጭኑት ያቃስታል። የቀረውን ሕዝብ ክንፉ ላይ ነው ያስቀመጡት?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ኩራሞቺ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«የመንገደኛው ቁጥር ተሳስቶ ቢሆንስ?»

«አዋቂው፣ ሕፃኑ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚወርደው ለየብቻ ተቆጥሯል። ደምሬዋለሁ፤ ልክ ነው። አለቃ፣ እዚህ ጋ ይዩ። የመጀመሪያው ሰባት የቤተሰቡ ስም ነው። የመሃሉ የትኛው ልጅ እንደሆነ ይነግርዎታል፤ የመጨረሻው ቁመቱን። መሃል ላይ ስምንት መሆን ሲገባው ሦስት መትተዋል። የሚመጣው ሰባት ስምንት ስምንት ነው፤ ሰፊው፣ ባለ ሁለት መተላለፊያው። አሥራ አራት ሰው ይፈልጋል።»

«ወረቀቱ የሚለው ግን…»

«ወረቀት መጥረጊያ አይዝም፣ አለቃ።»

ኩራሞቺ ወረቀቱን ወደ ላከው የበረራ ክፍል ደወለ። መስመሩ ተይዟል። ደግሞ ደወለ፤ አሁንም ተይዟል። አውሮፕላኑ ሊያርፍ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል።

«እሺ፣ ዘጠኝ ሰው ከየት ላምጣ? ያሉኝ አሥራ አምስት ሰዎች ለሰባተኛው በር ተመድበዋል።»

«እዚያስ ምንድን ነው የሚመጣው?»

«ሦስት ሁለት አንድ።»

«እሱ ረጅም ነው እንጂ ሰፊ አይደለም። ስድስት ሰው ይበቃዋል። ማነው አሥራ አምስት የመደበለት?»

«እኔ ነኝ» አለ ኩራሞቺ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ርዝመቱን አይቼ።»

ኪዮኤ ጓንቷን አጠለቀች። «ዘጠኙን ይስጡኝ።»

«ቢሳሳቱስ?»

«ብሳሳት ስሜን ጽፈው ይክሰሱኝ። እሳሳታለሁ ብለው ግን አይጠብቁ።»

ዘጠኙ እየሮጡ መጡ። ብዙም ሳይቆይ ወፍራም ደረት ያለው፣ ክንፉ ወደ ላይ የተቀለበሰ አውሮፕላን እያዘገመ አራተኛው በር ላይ ቆመ። ኩራሞቺ በመስኮቱ አየው፤ ወረቀቱን አየ፤ ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ስልኩ የጮኸው ያኔ ነው፤ ከበረራ ክፍሉ ይቅርታ ሊጠይቁ ነበር።

የመጨረሻው መንገደኛ ሲወርድ ኩራሞቺ ኮቱን አውልቆ ጓንት ለመነ።

«የቱን ልያዝ?»

«የግራውን መተላለፊያ፤ የወንበር ኪሶቹን። ወገብዎን ደግሞ አደራ!»

በሠላሳ ስምንት ደቂቃ ጨረሱ። ኩራሞቺ ሸሚዙ ከጀርባው ተጣብቆ፣ አንድ ከረጢት ሙሉ የብስኩት ወረቀት ተሸክሞ ወጣ። በሰባተኛው በር ያሉት ስድስቱም በሰዓቱ አጠናቀቁ።

ማምሻውን ሴቶቹ ቀዝቃዛ ሻይ ሲጠጡ ኩራሞቺ መጥቶ ኪዮኤ አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ ኪዮኤ፣ ከነገ ጀምሮ ምደባውን አብረን እንሥራው።»

«አብረን?» አለች፣ ብርጭቆዋን ሳታስቀምጥ። «እኔ ልመድብ፤ እርስዎ ይፈርሙ።»

ኩራሞቺ ጥቂት አሰበና ሳቀ። በነጋታው የምደባው መዝገብ ከእሱ ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ጽዳት ሠራተኞቹ ክፍል ተዛወረ።