ሊጡ የእሷ፣ ፖሙ የእህቷ

...ይሄም ኬክ ሰመጠ፣ ጠርዙ ቀልቶ አምሮበት መሀሉ እንደ ረጠበ ስፖንጅ ቁጭ ብሏል፣ ቢላዋ ትሰካበታለች፣ ሲወጣ ጭቃ የነካ ይመስላል፣ ዱቄቱን እንደሁ ደጋግማ ነፍታዋለች፣ ቅቤና ስኳሩን ነጭ እስኪሆን መትታዋለች፣ እንቁላሉን አንድ በአንድ፣ ልክ እናቷ እንዳስተማረቻት፣ ሊጥ ላይ ማንም አይችላትም፣ ችግሩ ፖሙ ነው። ፖሙ የእህቷ ነው።

እማዬ፣ ይሄ ኬክ ነው ሾርባ፣ ትላለች ልጇ ከሳሎን መጥታ እያየች፣ እርጉዝ ናት፣ የቀመሰችው ሁሉ ይመለስባታል፣ ያማራት የአያቷ ኬክ ብቻ ነው፣ ሂጂ ተኚ፣ ሾርባም ቢሆን በሹካ ትበዪዋለሽ፣ ትላታለች እናት። አክስቴን ለምን አትጠይቂያትም። ቧንቧውን ትከፍታለች፣ ያልሰማች ለመምሰል፣ ሳህን ታጥባለች፣ ንጹሕ ሳህን።

እናታቸው ናት እንዲህ የከፈለቻቸው፣ ሁለት ሴት ልጆች አንድ ማድ ቤት ውስጥ ሲነታረኩ ሰልችቷት፣ አንቺ ሊጥ፣ አንቺ ፖም ብላ ጀርባ ለጀርባ አቆመቻቸው፣ ታላቂቱ ስትመታ ታናሺቱ ስትልጥ፣ ዞር ብላ ብታይ ምን ነበረበት፣ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን፣ ፖሙን ምን ታደርጊዋለሽ ብትል። ምን ያስጠይቃታል፣ እህቷ ሁሌም ከኋላዋ ያለች መስሏት ነበር። ከዚያ እናት ሞተች፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ተበተነ፣ ዕቃው ለመካፈል ወጣ፣ መጋገሪያው ታላቂቱ እጅ ላይ ነበር፣ ያ ጎኑ የሰረጎደ ቆርቆሮ፣ ለእኔ ይሁን አለች ታናሿ፣ ታላቅ እኔ ነኝ አለች እሷ፣ ታላቅማ ነሽ፣ ብላ ሻርፗን አነሳች፣ ሄደች። ለቆርቆሮ። ጌታ ሆይ፣ ለአንድ ቆርቆሮ። ሲበርድላት ትደውላለች፣ ታናሽ አይደለች፣ እሷ ትደውል፣ እንዲህ እያለች ጠጉሯ ነጣ፣ ጠዋት ጠዋት አባታችን ሆይ ስትል እዚያች የይቅርታዋ ቦታ ላይ ድምፅዋን ቀንሳ ቶሎ ታልፋታለች፣ እግዜር ልብ እንዳይልባት ይመስል።

ፖም ቀርቷል፣ ለአንድ ኬክ የሚበቃ። ትልጣለች። ልጣጩ ይበጠስባታል፣ በእህቷ እጅ ሳይበጠስ እስከ ታች ይወርድ ነበር፣ ይሄን እንኳ ከየት አየችው፣ ጀርባ ሰጥታ አልነበር፣ ትከትፋለች፣ ትቆማለች፣ ይሄን የሚመጣውን ልጅ ግማሽ ኬክ ነው የማወርሰው፣ እጇን በሽርጧ ትጠርጋለች፣ ስልኩን ታነሳለች፣ ቁጥሩን ጣቷ አልረሳውም፣ ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሳም፣ ባታነሳ ይሻላል፣ ምን ልላት ነው፣

አቤት እትዬ።

ድምፅዋ አርጅቷል። መቼ ነው ያረጀው፣ እኔ ሳልሰማው፣ ይቅር በዪኝ ልትል ነበር፣ ከአፏ የሚወጣው ግን፣ ፖሙ ውሃ እየሆነብኝ ነው። ከወዲያ ቴሌቪዥን ይሰማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ስኳር አልነሰነስሽበትማ፣ ትላለች ታናሿ፣ ወንፊት ላይ አድርጊውና ስኳር ነስንሺበት፣ ውሃውን ይተፋል፣ ከዚያ ዱቄት አልብሺው፣ በቃ። በቃ፣ ይሄው ነው፣ የቀረባት ይሄ ነው፣ ስኳሩን ትነሰንሳለች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ ምን ያህል ይቆይ፣ እስኪተፋ ነዋ፣ ቸኩለሻል እንዴ እትዬ፣ ኧረ አልቸኮልኩም፣ ትላለች፣ ወንበር ትስባለች። እንግዲያ እኔም ልቀመጥ፣ ትላለች ታናሿ፣ ጉልበቴ እኮ እንደ ድሮው አይደለም፣ ብዙ ካቆምሽኝ ይንቀጠቀጣል።

አላወቅሁም ነበር፣ ትላለች ታላቂቱ።