ንጹህ ነው ተብሎ የተወሰነው ውሃ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከሐጀራ ሱቅ በላይ ባሉት አራት ፎቆች፣ ውሃው ዝገት መስሎ መውረድ ከጀመረ ሳምንት ሆኖታል። ደረጃው ላይ ሁሉም የየራሱን ያወራል፤ አንዷ አፍልቼ ነው የምጠጣው ትላለች፣ ሌላው በባልዲ አጠልለዋለሁ ይላል። እሁድ ስብሰባ ላይ ግን ያ ሁሉ አፍ ምላሱን ቤቱ ጥሎ መጣ።

የብሎኩ ሊቀመንበር አቶ አጥናፉ፣ ወሬው ከወጣ ተከራይ ይሸሻል ብለው ጉዳዩን ለድምፅ አቀረቡት።

«ውሃው ንጹህ ነው የምትሉ እጅ አውጡ።»

ሐጀራ ከቧንቧ የቀዳችውን ጆግ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሻይ ይመስላል። ጆጉ ፊታቸው ተቀምጦ ሠላሳ እጅ ተነሳ። ልጇን በዚያ ውሃ ማጠብ የተወችው ላጢፋ እንኳ አልቀረችም።

«አንቺ የታሸገ ውሃ ስለምትሸጪ ነው የቆሸሸብሽ» አሏት አቶ አጥናፉ፣ እጇን ያላነሳችውን ሐጀራን። «አመለካከትሽን እናከብራለን። ቃለ ጉባኤው ግን በሙሉ ድምፅ ቢል ያምራል።»

ሐጀራ ምራቋን ልትተፋ ምንም አልቀራት። ብቻዋን መቅረቷ አልነበረም ያንገሸገሻት፤ ይህ ሁሉ ሰው የየራሱን ዓይን ይዞ ገብቶ በአንድ ሰው ዓይን ማየቱ እንጂ። ጆጓን አንስታ ወጣች።

አመሻሽ ላይ አቶ አጥናፉ ሱቋ ብቅ አሉ። ግራ ቀኙን ቃኝተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስቲ ሁለት ትልልቁን ውሃ» አሏት።

ሐጀራ ከመደርደሪያው ሥር ሁለት ባዶ የውሃ ፕላስቲክ አውጥታ ሰጠቻቸው።

«ቧንቧው ከኋላዎ ነው» አለች። «በሙሉ ድምፅ ንጹህ ነው።»