የሴራሚክ ሠራተኛው ምሳ

ሳኖባር በዋጋ ክርክር ተረትታ አታውቅም። ሴራሚክ አንጣፊው ኡስታ (ማለትም ባለሙያው) ኤርጋሽ የበረንዳዋን ሴራሚክ ለማንጠፍ በካሬ ስልሳ ሺህ ሱም ሲጠራባት፣ "ኧረ ወዲያ! ወርቅ ነው እንዴ የሚያነጥፉልኝ?" ብላ አርባ ላይ አወረደችው። ሰውየው ብዙም ሳይግደረደር እሺ አለ። በዚህ መጠርጠር ነበረባት። እሷ ግን ድሏን ለልጇ ለናፊሳ ልታወራ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

በኡዝቤኪስታኗ ኮካንድ ከተማ ባለሙያ የቀጠረ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ምሳ ያበላል። ይህ በዋጋ ውስጥ አይገባም፤ ማንሳቱም ነውር ነው። ሳኖባር ደግሞ በሰፈሩ እጇ የተመሰገነ ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን በጠቦት ሥጋና በካሮት ያበደ ፓላው የሚባል የሩዝ ምግብ አቀረበች። ኡስታ ኤርጋሽ ሩዟን እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ጠራርጎ በላና ግቢው ውስጥ ካለው የወይን ሐረግ ጥላ ሥር ጋደም አለ። እስኪመሽ ያነጠፈው አንድ ረድፍ ብቻ ነው። በማግስቱ ሳምቡሳ በላ፤ አንድ ረድፍ አነጠፈና የትናንቱን ሁለት ሴራሚክ "አልተስተካከለም" ብሎ ነቀለ።

በአምስተኛው ቀን ሳኖባር የሥጋውን ወጪ ብታሰላው ያስቀነሰችውን ገንዘብ እጥፍ አልፎታል። ሥጋው ይቅር፤ እሑድ አንዲት እናት ናፊሳን ለወንድ ልጇ ሚስትነት ልትጠይቅ ትመጣለች። ናፊሳ ደግሞ ልጁን ትወደዋለች፣ ስሙ ሲነሳ ጆሮዋ ድረስ ትቀላለች። እንግዶቹ በአሸዋና በሲሚንቶ ክምር መሃል እንዴት ይግቡ?

"ኡስታ፣ እሑድ እንግዳ አለብኝ እኮ!"

"እህቴ፣ እጄን ካስቸኮሉት ሴራሚኩ ይንሻፈፍብዎታል። ይልቅ ነገ ምሳችን ምንድን ነው?"

ሳኖባር ነገሩ የገባት ያኔ ነው።

በማግስቱ ሥጋ የሌለው፣ ጨው የተደፋበት ሾርባና ያረረ ሩዝ ቀረበለት። ኡስታ ኤርጋሽ አንዴ ቀመሰ፣ ሳኖባርን አየ፣ ሻዩን ጠጣና ሳይጋደም ወደ ሥራው ሄደ። አምስት ረድፍ! ቅዳሜ ሾርባው ጭራሽ ባሰበት። ሰውየው ከቀትር በኋላ የቀረውን አንጥፎ፣ መጋጠሚያውን ሞልቶ፣ ወልውሎ፣ ገንዘቡን ተቀብሎ እብስ አለ።

እሑድ የልጁ እናት ማስቱራ ሁለት ዘመዶቿን አስከትላ መጣች። ሳኖባር በሕይወቷ እንደዚያ ያለ ፓላው ሠርታ አታውቅም። ማንም እጁን አልዘረጋም።

"በልተን ነው የመጣነው" አለች ማስቱራ፣ ዳቦ ቆረስ አድርጋ።

"እኛም" አሉ ዘመዶቿ።

ናፊሳ ሻይ ስትቀዳ ስኒው ሞልቶ ፈሰሰ። ልጅ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ስለ ቤተሰቡ ያጣራል፤ እዚህ ቤት ሰሞኑን ከበላ ሰው የተሻለ ማንን ይጠይቃል?

"ኡስታ ኤርጋሽን ጠይቃችሁታል አይደል?"

ማስቱራ አቀረቀረች። "የእኛንም ማድ ቤት የሚያነጥፈው እሱ ነው። ትናንት ማታ ብቅ ሲል ጠየቅነው። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ግን እዚያ ቤት የሚበላ ነገር የለም አለን። ልጅ ደግሞ ሙያ የምትማረው ከእናቷ ነው።"

ሙያ የሌላት ከመባልና ተንኮለኛ ከመባል የቱ ይሻላል? ሳኖባር ልጇን አየቻት።

"አውቄ ነው ያበላሸሁበት" አለች። "ጥሩ ሳበላው ሥራውን አልጨርስ አለኝ። ጨው የደፋሁት እኔ ነኝ። ተንኮሉ የእኔ ነው፣ ልጄ የለችበትም።"

ማስቱራ በመስኮቱ አሻግራ በረንዳውን አየች።

"በስንት ቀን ጨረሰው?"

"ከሾርባው ወዲህ? በሁለት ቀን።"

"ሁለት ቀን!" ማስቱራ ደረቷን መታች። "የኔን ማድ ቤት እኮ ከአዲስ ዓመቱ ከኖሩዝ በዓል ጀምሮ ነው የያዘው! ዛሬ እንኳ ዶሮ ጠብሼለት ነው የመጣሁት!"

እጅጌዋን ሰብስባ የፓላውን ሳህን ወደ ራሷ ሳበችና አንዴ ጎረሰች። አሁንም ደገመች።

"ሾርባውን ለናፊሳ አስተምሪያት" አለች፣ አፏ እንደ ሞላ። "ገና መታጠቢያ ቤቱ ይቀረናል።"