ዌይድ የተደፋበት መድረክ

እንጨት መሰንጠቂያው ከተዘጋ ወዲህ ሬይመንድ በምትባለው ከተማቸው ከዝናብ በቀር ሥራ ያለው አልነበረም። ዳርላ ድራሟን፣ ጓደኛዋ ዌይድ ጊታሩን ይዘው የአጎቷ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የከተሙት ሌላ የሚያደርጉት ስላጡ ነው። ዌይድ ሲዘፍን ጉሮሮው የሚቀደድ ይመስላል። ያን ድምፅ መጀመሪያ የሲያትል ከተማ ሰማው፤ ቀጥሎ ሬዲዮው፤ ከዚያ አገሩ በሙሉ። ብዙም ሳይቆይ "ዝገት" የሚለውን የባንዳቸውን ስም ደረቱ ላይ ያልጻፈ ጎረምሳ ጠፋ።

በመርፌ የሚወጉት ዕፅ፣ ሄሮይኑም፣ አብሮ መጣ። ዌይድን መድረክ ላይ የሚያንገዳግደው መርፌው ነበር፤ ሕዝቡን ግን ስልት መሰለው። ጀማሪ ዘፋኝ ሁሉ ጤነኛ እግሩን እያወላገደ ይንገዳገድ ጀመር።

ፖርትላንድ ከተማ፣ ሜዳ ላይ በተዘጋጀ ኮንሰርት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ዳርላ ከመድረኩ ጀርባ ክንዱን ያዘችው። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

"ዛሬ አትወጣም።"

"አንቺ ደግሞ! እናቴ ሆንሽ እንዴ?"

"እናትህማ ብትሆን በጥፊ ታጮልህ ነበር።"

ሥራ አስኪያጃቸው ሩዲ መሀል ገባ። "ተይው በናትሽ፣ ዳርላ። ሕዝቡ የሚወደው እንዲህ ሲሆን ነው።"

ወጡ፤ ገና የመጀመሪያው ዘፈን ሳይጋመስ ዌይድ በግንባሩ ተደፋ። ሜዳው በጩኸት ተናጋ። ፊት ለፊት ያሉት ወጣቶች እየሳቁ እንደሱ መሬት ላይ ተዘረሩ። ዳርላ የድራሙን ዱላ ወርውራ ሮጠች፤ ገለበጠችው፤ አይተነፍስም።

"ሐኪም! ኧረ ሐኪም!" ብላ ስትጮህ ሕዝቡ ተቀበላት። "ሐኪም! ሐኪም!" እያለ፣ እያጨበጨበ፣ እንደ አዝማች ዘፈነው።

አፏን ካፉ ገጥማ እስትንፋሷን ሰጠችው። ደጋግማ ስትነፋለት ዌይድ አቃሰተ።

ሆስፒታል ሲነቃ መጀመሪያ የጠየቀው "ወደዱት?" ብሎ ነው።

"ዌይድ፣ ሞተህ ነበር እኮ!"

"ወደዱት ወይ?"

"አበዱልህ" አለችና እንባዋ ቀደማት። "በቃ አብረን ቤታችን እንግባ። መርፌውን ካልተውክ ከእንግዲህ አልመታልህም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "ድራም መቺ መች ጠፋ፣ ዳርላ።"

እውነትም አልጠፋም፤ ወዲያው ሌላ ቀጠሩ። የዚያው ዓመት ብርድ ሳይወጣ ዌይድ ሆቴል መታጠቢያ ቤት ውስጥ ብቻውን ሞቶ ተገኘ። ዳርላ መርዶውን የሰማችው መኪና እየነዳች፣ ከሬዲዮ ነው። አስተዋዋቂው ሐዘኑን ገልጦ ሳይጨርስ ዘፈናቸውን ለቀቀው፤ ድራሙን የምትመታው እሷው ናት። ልትዘጋው እጇን ዘረጋች፤ አልሆነላትም። መኪናዋን መንገድ ዳር አቁማ፣ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ፣ እስኪያልቅ ሰማችው።