በእምነት የተቆጠሩ ተማሪዎች

«ለመሆኑ በጠቅላላው ስንት ናችሁ እናቴ?» አለቻት እንግዳዋ።

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ መልሱ ግን አልወጣም። ቁጥር ጠፍቷት አይደለም። ሠላሳ ዓመት የሰው ወገብና ትከሻ ስትለካ የኖረች ሴት መቁጠር አያቅታትም። ጭንቁ ሌላ ነው፤ እውነተኞቹ ተማሪዎች አሥራ አንድ ናቸው፣ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጡት ደግሞ ስድሳ፣ መጋቢው ከእንግዳዋ ጀርባ ቆሞ በዓይኑ እየለመናት ነው። «ሻዩን ልየው» ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ነገሩን ያመጣው የጸሐፊው ብዕር ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ክፍል ለትልልቅ ሰዎች የፊደል ትምህርት ስትጀምር ተማሪዎቹ አሥራ አንድ ነበሩ። ጸሐፊው ግን ለአብያተ ክርስቲያናቱ ኅብረት ሪፖርት ሲልክ አሥራ አምስት አላቸው። በሚቀጥለው ሠላሳ ሆኑ፤ ከዚያ አርባ አምስት፤ ከዚያ ስድሳ። አስተማሪዋ፣ ጡረታ የወጣች ቆፍጣና ሴት፣ የቀሩትን የት እንዳስቀመጣቸው ብትጠይቀው፣ ቁጥሩ በእምነት የተጻፈ መሆኑን ዓይኑን ሳያሽ አስረዳት። አሥራ አንዱ የሚታዩት ናቸው፤ ሌሎቹ ገና ያልታዩት።

ያልታዩትን ለማየት አንዲት ሴት ከኅብረቱ እንደምትመጣ የሚናገር ደብዳቤ እስኪደርስ ድረስ ሁሉም ሰላም ነበር።

መጋቢው ክፉ ሰው አይደለም። የታመመ ለመጠየቅ ማንም አይቀድመውም፤ ሲሰብክ መጀመሪያ የሚያለቅሰውም እሱ ነው። ደብዳቤውን ሲያነብም አለቀሰ፣ ያውም ያለ ስብከት። ያኔ ጸሐፊው መላ አመጣ። ከመዘምራኑና ከወጣቶቹ አርባ ዘጠኝ ሰው ተመርጦ ለአንድ ጠዋት ብቻ ማንበብ የማይችል ሆኖ ይቀመጥ አለ። መጋቢው መሬት መሬት እያየ እሺ አለ።

ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት ሆነ። ጸሐፊው እንዴት መንተባተብ እንደሚገባ ራሱ እየተንተባተበ አሳያቸው። መዘምራኑ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ አብረው ስለዘመሩ ሲሳሳቱም አብረው ይሳሳታሉ። «በ... በ... በግ» ሲሉ ሴቶቹ ከላይ፣ ወንዶቹ ከታች፣ ስህተቱ በአራት ድምፅ አምሮ ወጣ። በድምፁ ውፍረት «ነጎድጓድ» የሚሉት ዘማሪ የመጨረሻዋን «ግ» ትንፋሹ እስኪያልቅ ጎተታት። አንዷማ ሲጨርሱ «አሜን» አለች። አስተማሪዋ በነገሩ ስለበገነች፣ ክፍሌ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ተማሪዬ ነው ብላ ነጎድጓድን «በግ» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ሃያ ጊዜ አስጻፈችው።

ልብስ ሰፊዋ ስቃ ታልፈው ነበር። ከአርባ ዘጠኙ አንዷ ግን የገዛ ልጇ ናት።

ልጅቷ እናቷን ለማሳመን ያላለችው የለም። ኅብረቱ የሚደግፈው ስድሳ ሰው ይማራል ብሎ ነው፤ አሥራ አንድ መሆናቸው ከታወቀ ክፍሉ ይዘጋል፤ እማዬ ደግሞ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ናት። ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር እናትየዋን ያዘቻት። አንድ ምኞት ነበራት፤ የማርቆስን ወንጌል በራሷ ዓይን አንብባ መጨረስ። አሁን ምዕራፍ ሰባት ደርሳለች። ክፍሉ ከተዘጋ ምዕራፍ ስምንት ላይ የሚሆነውን በምን ታውቃለች? በስብከት መስማቱንስ ሰምታለች፤ ግን እሱ የሰው ወሬ ነው።

ሌላም ነገር ነበረባት። አርባ ዓመት ማንበብ አለመቻሏን ደብቃ ኖራለች። ወረቀት በሰጧት ቁጥር «መነጽሬን ረስቼ» ትላለች፣ መነጽሩ ግንባሯ ላይ ተሰክቶ። መጽሐፍ ቅዱሷን ገልብጣ ይዛ ገጹን በጣቷ እየተከተለች አንድ ሙሉ አምልኮ የጨረሰችበት ቀን አለ። እዚህ ክፍል በገባች ዕለት ነው ለመጀመሪያ ጊዜ «አልችልም» ብላ ጮክ ብላ የተናገረችው፤ ያን ቀን የተሸከመችው ጆንያ ከጀርባዋ የወረደላት ያህል ተሰማት።

«ስሚኝ ልጄ» አለቻት። «እኔ አርባ ዓመት እችላለሁ እያልኩ ዋሸሁ። አንቺን ደግሞ ስንት ለፍቼ ባስተምርሽ አልችልም ብለሽ ልትዋሺ ነው። እኛ ቤት እውነት የሚነገረው በየትኛው ትውልድ ነው?»

«ለአንድ ቀን እኮ ነው እማዬ።»

«የኔም በአንድ ቀን ነው የጀመረው።»

 በማግስቱ ግን ልጅቷ ሄዳ ከአርባ ዘጠኙ ጋር ተቀመጠች።

እንግዲህ ልብስ ሰፊዋ ከጥያቄ አምልጣ ጓሮ የገባችው በዚህ ቀን ነው። ሻዩ ፈልቷል፤ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል፤ የሚታይ ነገር አልነበረም። ቢሆንም ደጋግማ አየችው። ማንቆርቆሪያው ምንም አልመከራትምና ተመለሰች።

ክፍሉ ውስጥ እንግዳዋ በአግዳሚዎቹ መካከል እየተዘዋወረች ነበር። ነጎድጓድ ላብ አጥምቆታል። ከአርባ ዘጠኙ አንዱ ስለቀረ ቁጥሩ እንዳይጎድል ጸሐፊው ራሱ ተማሪ ሆኖ ኋላ ተቀምጧል። እንግዳዋ አንድ መስመር እንዲያነብላት ብትጠይቀው እስኪያሳዝን ተንተባተበ፤ ሴትዮዋ ትከሻውን መታ መታ አደረገችው። «አይዞህ ወንድሜ፣ ቀስ በቀስ ይገባሃል» አለችው። ጸሐፊው አመሰገነ።

ከዚያ እንግዳዋ ከተማሪዎቹ አንድ ሰው የፈለገውን ሰሌዳ ላይ እንዲጽፍላት ጠየቀች። መጋቢው ፈጠን ብሎ ልብስ ሰፊዋን ጠራ፤ ከአሥራ አንዱ ጎበዟ እሷ ናት።

ጠመኔውን ያዘች። የተለማመዱት «እግዚአብሔር ፍቅር ነው» የሚለውን ነበር። ዘወር ብላ ልጇን አየቻት፤ ልጅቷ እንደ ጨቅላ ሕፃን በጣቷ ፊደል ትቆጥራለች። እናትየዋ የማንንም ስም ማንሳት አልፈለገችም፤ መጋቢውን ማሳፈር አልፈለገችም፤ ምዕራፍ ስምንትም እንዲያመልጣት አልፈለገችም። መዋሸት ግን በቅቷታል። ያኔ ጓሮ ያለው ሻይ ትዝ አላት። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ቀስ ብላ ጻፈች፤

«ሻይ ጓሮ ቀርቧል። ይህን ያነበበ ሰው ወጥቶ ይጠጣ።»

ጽፋም ከሰሌዳው ገለል አለች።

መንተባተብ ይለመዳል፤ የተጻፈ አይቶ አለማንበብ ግን እንዴት ተደርጎ? ነጎድጓድ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮው ደርቋል፤ ተነሣ። እሱ ሲነሣ መዘምራኑ አብረውት ተነሡ፤ መቼም ተለያይተው ተነሥተው አያውቁም። ወጣቶቹ ተከተሉ። አግዳሚዎቹ ተንቋቁ። ቁርስ ሳይበላ የመጣው ጸሐፊ ሁሉንም ቀድሞ በሩ ላይ ደረሰ። ማንበብ እንደማይችል ትዝ ያለው እዚያ ነው፤ ዞሮ ሊመለስ ቢል ከኋላ የመጣው ሕዝብ ገፍቶ አስወጣው።

ልጅቷ ከመቀመጫዋ ግማሽ ተነሥታ ቀረች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ከዚያ ቀና አለችና እንግዳዋን «እኔ ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አነባለሁ። ይቅርታ» አለቻት። የመጨረሻዋ ሆና ወጣች።

 ዘበኛው፣ የአሥራ አንዱ ሽማግሌ፣ ጣቱን ወደ ሰሌዳው ቀስሮ «ሻ... ይ... ሻይ። ሻይ አለ እንዴ?» አለ።

«ጨርሰው እንጂ አባባ» አለችው አስተማሪዋ። «እስከ ነጥቡ።»

 እንግዳዋ ከቦርሳዋ ሪፖርቱን አወጣች፤ ስድሳን ሰርዛ አሥራ አንድ ጻፈች። ለአሥራ አንድ ሰው የሚሆን ጠመኔና መጽሐፍ ኅብረቱን እንደማይቸግረው፣ ስለ ሌሎቹ አርባ ዘጠኝ ግን ጸሐፊው ለኅብረቱ የማብራሪያ ደብዳቤ እንዲጽፍ ለአስተማሪዋ ነገረቻት። ልብስ ሰፊዋ ይህን ስትሰማ ጠመኔው ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። እንግዳዋ በመጨረሻ በሩ አጠገብ ወደ ቆመው ሰው ዞረች።

«መጋቢ፣ እርስዎ አላነበቡትም?»

«አንብቤዋለሁ» አለ መጋቢው። «ግን እኔም ገና የምማረው አለኝ።» ሄዶ ኋላ፣ ጸሐፊው በለቀቀው ቦታ ላይ ተቀመጠ።

ዘበኛው ነጥቡ ጋ ሲደርስ ሻዩ አልቆ ነበር። ጓሮ የወጡት አርባ ዘጠኝ ነበሩ፣ ጸሐፊው ጭምር። ክፍሉ ውስጥ የቀሩት አሥራ አንዱ ተማሪዎች፣ አስተማሪያቸው፣ እንግዳዋና መጋቢው ነበሩ።